በአምስት ብር የሸጥኩት መጽሐፍ ዌልስ ድረስ ወሰደኝ

መቼም ሰው አንድ ቀን እናዘዘዋለሁ ብሎ የሚያስቀምጠው ነገር አያጣም። የኔው መጽሐፍ ነው። ሳቃችሁ? ሳቁ፣ ግን ቆዩና ስሙኝ።

ዘመኑ 1985 ዓ.ም. ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ “ጋሼ” ነው የምንለው፣ ሥራ ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ሲሄድ አልጋው ሥር በካርቶን ያስቀመጣቸውን መጻሕፍት ለኔ አደራ ሰጠኝ። “ለማንም እንዳታውሳቸው!” ብሎ ጣቱን ቀስሮብኝ ነው የሄደው። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ለማንም አላዋስኩም። ሸጥኩ እንጂ!

የሸጥኩት አንድ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልቦለድ ሲሆን ሰማያዊ ሽፋኑ ላይ አንዲት ነጭ ጀልባ አለች። ጋሼ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙንና የገዛበትን ቀን በቆንጆ የእጅ ጽሑፉ አስፍሮበታል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ልጆች ላንዱ ሰጠሁት። ልጁ ገለጥ ገለጥ አደረገና “ስም ተጽፎበታል፤ ዋጋው ይወድቃል” ብሎ አምስት ብር ቆጠረልኝ። በአምስቱ ብር አንዲት የክፍሌን ልጅ አምባሳደር ሲኒማ ጋበዝኩ፤ በተረፈችው ኬክ በላን። ፊልሙ ምን እንደነበረ ዛሬ ብትገርፉኝ አላስታውስም። ልጅቷም እኔን የምታስታውሰኝ አይመስለኝም።

መጽሐፉን ግን ጋሼ አላስረሳኝም። ለእረፍት ሲመጣ ካርቶኑን ፈቶ አንድ በአንድ ቆጠረ።

“ጀልባዋስ?” አለኝ።

“አንድ ልጅ ተውሶኝ ጠፋብኝ።”

ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ተሻግሬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ፀጉሬም ሳስቶ፣ በስልክ በተገናኘን ቁጥር ስለ ጤናና ስለ ልጆች ተጠያይቀን ስናበቃ ይህችን ሳይጨምር አይዘጋም፦ “እሺ፣ ያ ልጅ ጀልባዋን መለሰ?”

እኔም እስቃለሁ። ሳቁ ግን ከጉሮሮዬ አይወርድም።

የመጽሐፍ ከተማ

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ለንደን ቤቴ ቁጭ ብዬ የሃይ ፌስቲቫልን ፕሮግራም ሳገላብጥ ዓይኔ አንድ ስም ላይ ተተክሎ ቀረ። የጀልባዋ ደራሲ! እኔ እኮ ሰውዬው በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅም ነበር። ተማሪ ሳለን ደራሲ ሁሉ የሞተ ሰው ነበር የሚመስለን። ሳላመነታ ቲኬት ቆረጥኩ፤ ዋጋው ከአሥር ፓውንድ እምብዛም አይበልጥም። ግንቦት ሲደርስ ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር ጉዞ ጀመርን። እሷ መጽሐፍ ግድም የላት፤ “አየር ልቀይር ብዬ ነው” ብላ ነው የተከተለችኝ።

ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ እስከ ሄረፎርድ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ሃይ ኦን ዋይ የምትባለው ከተማ ግን ባቡር አይገባባትም፤ የነበራት መስመር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ከሄረፎርድ በኋላ በአውቶቡስ ነው፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢበዛ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ አረንጓዴ፣ ዓይን የሚያየው በግ ብቻ። “ይሄ ሁሉ በግ ለፋሲካ አዲስ አበባ ቢገባ!” አለች ጓደኛዬ። መጽሐፍ ባይሆንላትም ገበያ ታውቃለች።

ሃይ የምትገኘው ዌልስ ውስጥ ነው፤ ከእንግሊዝ ድንበር ላይ፣ የዋይ ወንዝ ዳር። ነዋሪዋ ሁለት ሺህ አይሞላም። የመጽሐፍ መደብሮቿ ግን ሃያ ገደማ ናቸው! አስቡት፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሃያ ሱቅ ሙሉ መጽሐፍ ብቻ ሲሸጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አንድ ወጣት የከተማዋን አሮጌ የእሳት አደጋ ጣቢያ ያዘና ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጥ ጀመረ። አሜሪካ ድረስ እየሄደ ከሚዘጉ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱን በጅምላ እየገዛ በመርከብ አስጫነ። እሱን ያዩ ሌሎችም ሱቅ ከፈቱ። ሰውዬው በዚህ አላበቃም። ሚያዝያ 1 ቀን 1977 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንጆቹ እየዋሹ በሚሳሳቁበት ቀን፣ “ሃይ ነፃ አገር ናት፤ ንጉሧም እኔ ነኝ” ብሎ አወጀ። ፈረሱን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሾመ። ቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱ ዓለምን ዞረና የከተማዋን ስም ተከለው። “ንጉሡ” በ2019 እ.ኤ.አ. ዐረፈ፤ የመጽሐፍ ከተማነቷ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ፌስቲቫሉ የተጀመረው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። መነሻ ገንዘቡ በካርታ ጨዋታ የተበላ ነበር ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ሰዉ ማውራቱን ወዶታል። ዛሬ በግንቦት ወር ለአሥራ አንድ ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፋል። ከተማዋ በ2007 እ.ኤ.አ. ከማሊዋ ቲምቡክቱ ጋር እህትማማች ሆናለች። የእጅ ጽሑፍ ከተማና የኅትመት ከተማ ማለት ነው። ተስማሚ ጋብቻ!

ሲኒማ ቤት ውስጥ ያገኘኋት

የደራሲው ዝግጅት ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጧቱን ለሱቆቹ ሰጠነው። ግጥም ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አለ። የድሮ የልጆች መጽሐፍ ብቻ የሚሸጥም አለ። አንዱ ጋ ስለ መቅደላ ዘመቻ፣ ማለትም እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. ስለዘመቱብን፣ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ አየሁ። ዋጋውን አይቼ በጥንቃቄ ወደ ቦታው መለስኩት። ከመቅደላ ተዘርፈው የሄዱት በመቶ የሚቆጠሩ ብራናዎች ዛሬም ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ከኋላቸው የባለቤታቸው ስም፣ የደብራቸው ስም አለ። ንዴቴ ገና ሳይበርድ የጋሼ የእጅ ጽሑፍ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። የሰው መጽሐፍ ስሙ እንደተጻፈበት የሸጠ ሰው በሌባ ለመናደድ ትንሽ አፍ ይይዘዋል።

ቀጥሎ የገባንበት ሱቅ ድሮ ሲኒማ ቤት ነበር። አዎ፣ ሲኒማ! የሃይ ሲኒማ ቤት ፊልሙን ትቶ መጽሐፍ መደብር ሆኗል። እኔ መጽሐፍ ሸጬ ሲኒማ ገባሁ፤ እነዚህ ሲኒማውን መጽሐፍ አደረጉት። ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። “ምን ነካህ?” አለችኝ ጓደኛዬ። “ኋላ እነግርሻለሁ” አልኳት።

መደርደሪያው ማለቂያ የለውም። ልቦለድ የተደረደረበት ጋ ሄጄ የደራሲውን ስም በፊደል ተራ ፈለግሁ። አለች! ሰማያዊዋ፣ ጀልባዋ ያለችባት፣ ያው ኅትመት። አራት ፓውንድ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ገለጥኳት። እብድ ካላላችሁኝ ልንገራችሁ፣ ለአንድ አፍታ የጋሼን ስም ጠብቄ ነበር። በእርግጥ የጋሼ አልነበረችም። በእንግሊዝኛ እንዲህ ይላል፦ “ለልጄ፣ ለአሥራ ስድስተኛ ዓመት ልደትህ፤ እናትህ፤ 1984”።

አሥራ ስድስት ዓመት! እኔም ስሸጣት በዚያው ዕድሜ ግድም ነበርኩ። ይሄም የፈረንጅ ልጅ የእናቱን ስጦታ ሸጦ ሴት ልጅ ሲኒማ ጋብዞበት ይሆናል። ወይም አድጎ፣ አርጅቶ፣ ሞቶ ቤቱ ሲጸዳ ወጥታ ይሆናል። ያገለገለ መጽሐፍ ስትገዙ ታሪኩ ሁለት ነው፤ አንዱ የታተመው፣ ሌላው በእስክሪብቶ የተጻፈው። ሁለተኛውን ማንም አይጨርስላችሁም።

ገዛኋት።

ከዚያ ወደ ግንቡ ወጣን። ከተማዋ መሐል የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ግንብ አለ። ግንቡ ሥር መደርደሪያ ደጅ ላይ ተደርድሮ መጽሐፍ ተሞልቶበታል፤ ሻጭ የለም፣ ዘበኛ የለም። የወደዳችሁትን አንስታችሁ ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ ትከታላችሁ፤ በቃ። በእምነት ነው። ጓደኛዬ አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ወደደች። ዝርዝር ገንዘብ አልነበረንም።

“እንሂድ፤ ማን ያየናል?” አለች፣ እየቀለደች።

በሌላ ቀን ቢሆን አብሬ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አልሆነልኝም። ቁልቁል ወርጄ ቡና ገዝቼ ዘረዘርኩና ተመልሼ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ። “ለአንድ ፓውንድ ይሄን ሁሉ ዳገት!” ብላ ገረማት። ያኔ ስለ ጋሼ ነገርኳት። አልሳቀችም። “ታዲያ ለምን አትነግረውም?” ብቻ አለችኝ።

የደራሲ ሰልፍ

ፌስቲቫሉ የሚደረገው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ፣ ትልልቅ ድንኳኖች ውስጥ ነው። ግቢው መግቢያ አይከፈልበትም፤ የሚከፈለው ለየዝግጅቱ ነው። ሰዉ ሣር ላይ ተዘርሮ ያነባል፤ ሕፃናቱ የበግ ወተት አይስክሬም ይልሳሉ። አዎ፣ ከበግ ወተት። ቀምሻለሁ፤ ለፍርድ የሚቀርብ አይደለም፣ ይጣፍጣል።

ደራሲው አንድ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው። ስለ ጀልባዋ መጽሐፍ ብዙም አላወሩም፤ ስለ አዲሱ ነበር። ጭብጨባው ሲያበቃ ሰዉ ሁሉ ወደ መጽሐፍ መሸጫው ድንኳን ሮጠ። ለካስ ፊርማ የሚሰጠው እዚያ ነው። ሰልፉን ብታዩት! እኛ የስኳርና የዘይት ሰልፍ እናውቃለን፤ የደራሲ ሰልፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞ ማንም አይጋፋም፤ “ቦታ ያዝልኝ” የለም፤ ዘመድ ጠርቶ መሐል መግባት የለም።

ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ ስድስት መጽሐፍ ታቅፈዋል። ከኋላዬ ያለው ወጣት ደግሞ የሚናገረውን ነገር በለሆሳስ ያጠናል፤ ለሥራ ፈተና የሚገባ ነው የሚመስለው። እኔም እያጠናሁ ነበር። “መጽሐፍዎ ሕይወቴን ለወጠው” ልበል? ውሸት ነው። ግማሹን እንኳን ሳላነብ ነው የሸጥኩት። ሙሉውን ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለንደን ውስጥ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ነው።

በሰልፉ መሐል አንዲት ወጣት እየዞረች ስማችንን በትንሽ ብጫ ወረቀት ላይ ጽፋ መጽሐፉ ላይ ትለጥፋለች። ደራሲው ሲፈርሙ የስሙ አጻጻፍ እንዳይሳሳት ነው። “ለማን ይሁን?” አለችኝ። የጋሼን ስም ነገርኳት፤ ፊደል በፊደል ቆጠርኩላት።

ተራዬ ደረሰ። አሮጌዋን መጽሐፍ አስቀመጥኩ። ደራሲው ሽፋኑን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፤ “ይህቺን ካየኋት ቆየሁ” አሉ። ገለጡና የእናትየውን ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ ብጫዋን ወረቀት አዩ። ስሞቹ አይገናኙም።

“ይሄኛው ማነው?” አሉኝ ብጫዋን እያሳዩ።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። “ወንድሜ ነው። የእሱን መጽሐፍ ልጅ ሆኜ ሸጥኩበት። ጠፋ ብዬ ዋሸሁት” አልኳቸው። በዚህች ምድር ላይ ከጓደኛዬ ቀጥሎ የሰሙኝ እሳቸው ናቸው።

እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ትንሽ አሰቡና፣ “በስንት ሸጥከው?” አሉኝ።

“በአምስት ብር።” ያኔ ከአንድ ፓውንድ በታች መሆኑን አስረዳኋቸው።

“ጥሩ ዋጋ ነው፤ ከዚያም ባነሰ ሲሸጥ አይቻለሁ” አሉ።

ሳቅን። ከዚያ “የወንድምህ ስም በናንተ ፊደል እንዴት ነው የሚጻፈው?” ብለው ጠየቁኝ። በብጫዋ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩላቸው። ልክ እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ ምላሳቸውን ነከስ አድርገው፣ ከእናትየው ጽሑፍ ሥር አንድ በአንድ ገለበጡት። አንዱ ፊደል እግሩ ተንጋዷል። ፈረሙ። ከኋላዬ ያለው ልጅ እየቀረበ ነበር፤ አመስግኜ ወጣሁ። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ለምትሄዱ፣ ለማትሄዱም

መቼም “አንተ ዌልስ ሄድክ፣ እኛስ?” እንደምትሉ አውቃለሁ። ደራሲ ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ወመዘክር አዳራሽ ስንት መጽሐፍ ተመርቋል፣ ስንቱስ ላይ ውይይት ተደርጓል! ስለዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ አሥር ደራሲ ለማየት አትሩጡ። አንድ ወይም ሁለት ምረጡ፤ ከመሄዳችሁ በፊትም መጽሐፋቸውን አንብቡ። ያላነበባችሁትን ሰው ስታገኙ የምትሉት “ፎቶ እንነሳ” ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊት ለፊት ስትቀርቡ ረጅም ንግግር አታዘጋጁ። አንድ እውነተኛ ነገር ይበቃል። የቱን ገጽ እንደወደዳችሁ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ እንዳናደዳችሁ። የራሳችሁን ረቂቅ ልቦለድ ግን ሰልፍ ላይ አውጥታችሁ “አንብቡልኝ” እንዳትሉ! ከኋላችሁ ሰው አለ።

ሦስተኛ፣ የሚፈረምበትን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

አራተኛ፣ የመግዣ ገንዘባችሁን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ በሕይወት ላሉት ደራስያን አዲስ መጽሐፍ ይሁን፤ አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ ደራሲው ኪስ አምስት ሳንቲም አይገባም። ግማሹ ላገለገሉት ይሁን፤ ከኅትመት የወጡት የሚገኙት እዚያ ነውና። ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ሳታዩ አትክፈሉ። የጎደለ ገጽ እንዳለ ለማወቅ፣ የማን እንደነበረም ለማወቅ። ክብደትም አትርሱ። እኔ ዘጠኝ መጽሐፍ ተሸክሜ ከአውቶቡስ ባቡር ስገለባበጥ ትከሻዬ ሳምንት አሞኛል። አየር ልትቀይር የመጣችው ጓደኛዬ አሥራ አንድ ይዛ ተመልሳለች።

ጀልባዋ ተመለሰች

መጽሐፏን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ላክኋት። ደብዳቤ ልጽፍ አስቤ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። በመጨረሻ የላክሁት “ጋሼ፣ የተዋሰ ልጅ አልነበረም። እኔ ነኝ የሸጥኳት” የሚል ቁራጭ ወረቀት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። ስለ ጤና ጠየቀኝ። ስለ ልጆች ጠየቀኝ። ልቤ ይደልቃል።

“መጽሐፍ ደርሶኛል” አለ።

“እሺ ጋሼ።”

“የእኔዋ አይደለችም።”

“አይደለችም።”

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የስልኩ ሒሳብ ይቆጥራል።

“በስንት ነው የሸጥካት?”

“በአምስት ብር።”

“አምስት?!” ብሎ ጮኸ። “አሥራ ሁለት ብር እኮ ነው የገዛኋት! ያ ልጅ በላህ!”

ከዚያ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ግን ሳቁ ከጉሮሮዬ ወረደ። ፊደሏ የተንጋደደችው ማን ጽፏት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አላመነኝም። እስከ ዛሬም “አንተው ነህ የጻፍከው” ይለኛል። ሠላሳ ዓመት የዋሸ ሰው እውነት ሲናገር የሚያምነው አያገኝም፤ የሚገባኝ ነው።

እንግዲህ አንባብያን፣ እስቲ ዛሬ ማታ መደርደሪያችሁን ፈትሹ። የሰው ስም የተጻፈበት መጽሐፍ አይጠፋም። ለባለቤቱ መልሱለት። ከሸጣችሁትም ንገሩት። የኔ ወንድም አሁን በስልክ የሚያበቃው በሌላ ጥያቄ ነው፦

“ለመሆኑ ያቺ ልጅ፣ ኬኩን ጨረሰችው?”